ከድራማ ወደ ምርምር፦ ተማሪዎችን በተከታታይ ድራማ ወደ ኮምፒዩተር ሳይንስ ጥናት ማስገባት

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጠዋት ክፍል ሲገባ የማታውን ድራማ ይዞ ነው የሚገባው። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ ወሬው ላይ መርማሪ ፖሊስ፣ የስልክ ጠለፋና የደህንነት ካሜራ ተጨምረውበታል። የአይ.ሲ.ቲ. መምህር ወይም የክበብ አስተባባሪ ይህን ወሬ ሊሠራበት ይችላል። ግቡ ተማሪው «ይሄ ነገር እውነት ይሠራል?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ ጥያቄውን ወደሚለካ ነገር እንዲቀይር፣ ለክቶም ውጤቱን ለሌላ ሰው እንዲያስረዳ ማድረግ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ያሳየው «ነምበርስ» የተባለው ድራማ፣ ወንጀልን በሒሳብ ለመፍታት ስለሚረዳ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ካልኩሌተር የሚያመርተው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከአገሪቱ የሒሳብ መምህራን ማኅበር ጋር ሆኖ ከድራማው ክፍሎች ጋር የተያያዙ የመማሪያ ወረቀቶች ያዘጋጅ ነበር። እኛ አገር እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ወረቀት ስለሌለ መምህሩ ራሱ ማዘጋጀት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ከ16 እስከ 24 ተማሪዎች፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለ8 ሳምንታት የሚሆን አሠራር ነው። ጥቅምት ላይ ከተጀመረ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሳይደርስ ያልቃል።

ትዕይንቱን መምረጥ

ለመነሻ የድራማውን አንድ ሙሉ ክፍል አታሳዩ። አርባ ደቂቃው ሲያልቅ ተማሪው የሚያወራው ልጅቷ ማንን እንደምታገባ ነው፤ የክበቡም ሰዓት አብሮ ያልቃል። ከ2 እስከ 4 ደቂቃ የሚሆን አንድ ትዕይንት ይበቃል። ትዕይንቱ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ወይም ስልኩ አንድ የሚታይ ሥራ መሥራት አለበት፦ ፎቶ ያጎላል፣ ሰው ያለበትን ቦታ ያገኛል፣ ፊት ይለያል፣ የይለፍ ቃል ይሰብራል። ታሪኩን ያልተከታተለ ሰውም ሊረዳው ይገባል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሚባለው ነገር በከፊል እውነት፣ በከፊል ማጋነን መሆኑ ነው። ጨርሶ ውሸት የሆነ ትዕይንት ሳቅ ብቻ ያተርፋል፤ ጨርሶ እውነት የሆነው ደግሞ የሚጠየቅ ነገር አይተርፈውም።

ቅንጭቡን አስቀድማችሁ ብቻችሁን እስከ መጨረሻው እዩት፤ ወላጅ የማይወደው አምስት ሰከንድ ክበቡን ሊያዘጋ ይችላል። ለክፍል ማሳያ ብቻ ተጠቀሙበት እንጂ በቴሌግራም ቻናል አትልቀቁት።

ካሳያችሁ በኋላ ማብራራት አትጀምሩ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ምን ገባ? ምን ወጣ? በመካከል ምን ተደረገ? እያንዳንዱ ተማሪ ለ4 ደቂቃ ብቻውን በደብተሩ ይመልስ፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ያስተያይ። ብቻቸውን ሳይጽፉ ውይይት ከተከፈተ ሁለት ሦስት ድምፀ ጎላዎች ክፍሉን ይይዙታል፣ ሌላው ዝም ይላል። አንዱ «አቦ! ይሄማ ውሸት ነው» ሲል «የትኛው ቦታ ላይ? ምን ብንለካ ይታወቃል?» ብላችሁ መልሱለት። ጥናቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ዕቃውና ሰዓቱ

ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይግላል፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃን የፕሮጀክተሩን ምስል ያጠፋዋል፤ የጣሪያ ማራገቢያው ደግሞ የላፕቶፑን ድምፅ ይውጠዋል። ቅዳሜ ጠዋት ወይም በፈረቃ የማይማሩበት ጠዋት ይሻላል። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ጋር ይጋጫል። በረመዳን ሰዓቱን ወደ ማለዳ ሳቡት። መጋረጃ ከሌለ ለ20 ተማሪ ከፕሮጀክተር ይልቅ 32 ኢንች ቴሌቪዥንና የውጭ ስፒከር ይመረጣል።

ፋይሉን በኤምፒ4፣ በኤች.264 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት ነው) አዘጋጁ። ፋይሉ ኤች.265 ከሆነ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ድምፁን ብቻ አሰምተው ምስሉን ሊተዉት ይችላሉ። ፍላሹ በፋት32 ከተፎርማተ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ ሙሉውን ክፍል ሳይሆን የተቆረጠውን ብቻ ጫኑ። የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር የሚሄድ ከሆነ የጽሑፉ ፋይል የግዕዝን ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ፣ በዩ.ቲ.ኤፍ-8፣ መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ወይም ወደ ባዶ ሳጥን ይቀየራል። በዩ.ቲ.ኤፍ-8 ተቀምጦም ሳጥን ከታየ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ ከላፕቶፕ በኬብል አጫውቱ። በቪ.ኤል.ሲ. ማጫወቻ የ«ኢ» (E) ቁልፍ ምስሉን አንድ ፍሬም በአንድ ፍሬም ያስኬዳል፤ ለፎቶ ትዕይንቶች በጣም ይጠቅማል። መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቆም ቅንጭቡን በአራት ተማሪዎች ስልክ ላይ አስቀድማችሁ ጫኑ።

ገጸ ባሕርያቱን በመረብ መሳል

ይህ ሥራ ኮምፒዩተር ለሌለው ትምህርት ቤትም ይሆናል፤ መጀመሪያ እንዲሠራ የምንመክረውም ይህንን ነው። እዚህ ድራማው ራሱ መረጃ ስለሚሆን አንድ ሙሉ ክፍል ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ የሚያዩት ግን በእርሳስ እየመዘገቡ ነው። ማንኛውም የአገር ውስጥ የቤተሰብ ድራማ ይሆናል፤ ተማሪዎቹ የሚከታተሉት ቢሆን ደግሞ ጥሩ።

ከማየታቸው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ «በዚህ ድራማ ውስጥ ወሬ ሁሉ በእጁ የሚያልፍ ሰው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ጽፎ፣ ወረቀቱን አጥፎ ይስጥ። ይህ መላ ምቱ ነው። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ «እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር» እንዳይባል ወረቀቱ በመምህሩ እጅ ይቆይ።

ከዚያ ከ12 ያልበለጡ ገጸ ባሕርያትን ዘርዝሩና ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ። 12 ሰዎች 66 ጥንዶች ይሆናሉ፤ ከዚያ ከበለጠ በእጅ መቁጠሩ ያደክማል። በ12 በ12 የተከፈለ ሠንጠረዥ አስምሩ። ሁለት ሰዎች በአንድ ትዕይንት ውስጥ ቃል ከተለዋወጡ በጥንዳቸው ሳጥን አንድ ጭረት ይደረጋል። ስም ጽፎ መመዝገብን አትፍቀዱ። አንዱ «ኃይሉ» ሌላው «ሀይሉ» ሲጽፍ፣ ወይም «ሠናይት»ና «ሰናይት» ሲቀላቀሉ፣ ኮምፒዩተር ላይ ሲገባ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይወጣል፤ መረቡም ሳይታወቅ ይሰነጠቃል። ቁጥር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

አሁን ጠቡ ይመጣል፤ ይምጣም። በስልክ ማውራት ይቆጠራል? አንዱ ተናግሮ ሌላው ራሱን ብቻ ከነቀነቀስ? አምስት ሰዎች ማዕድ ከበው አንዱ ለሁሉም ቢናገርስ? ተማሪዎቹ ራሳቸው ደንብ ያውጡ፤ ደንቡም በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ከዚያ እያንዳንዱን ትዕይንት ሁለት ተማሪዎች ሳይተያዩ ይመዝግቡ። ሁለቱ ምን ያህል እንደተስማሙ የሚለካው ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ካፓ በሚባለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ «እነዚህ ሁለት ሰዎች በዚህ ትዕይንት ቃል ተለዋውጠዋል?» በሚሉ 50 ውሳኔዎች ሁለቱም «አዎ» ያሉት 26፣ ሁለቱም «አይ» ያሉት 15 ቢሆን፣ አንደኛው ብቻ «አዎ» ያለው 4፣ ሁለተኛው ብቻ ያለው 5 ቢሆን፣ ስምምነቱ 41 ከ50፣ ማለትም 0.82 ነው። ነገር ግን ሁለቱ በግምት ቢመልሱም በአጋጣሚ የሚስማሙት ነገር አለ፦ የመጀመሪያው 30 ጊዜ፣ ሁለተኛው 31 ጊዜ «አዎ» ስላሉ የአጋጣሚው ድርሻ 0.6 በ0.62 ሲባዛ፣ ሲደመር 0.4 በ0.38 ሲባዛ፣ 0.524 ይሆናል። ካፓ ከ0.82 ላይ 0.524 ተቀንሶ ለ0.476 ሲካፈል 0.62 ገደማ ነው። ከ0.6 በታች ከወጣ ችግሩን ደንቡ ውስጥ ፈልጉ፣ አሻሽሉት፣ እንደገና ይቆጠር። ይህን ደረጃ ብዙ መምህር «ለልጆች ይከብዳል» ብሎ ይዘለዋል። አትዝለሉት። ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፤ በሙያው ያሉ ሰዎች የሰውን ንግግር ወይም ምስል ሲመዘግቡ የሚሠሩትም ይኸው ነው።

ቆጠራው ሲያልቅ ሰዎቹን በክብ፣ ንግግራቸውን በመስመር ሳሉ። አንድ ሰው ያለው የመስመር ብዛት ዲግሪ ይባላል። ዲግሪ ግን ሁሉን አይናገርም። ሁለት ቤተሰብ አስቡ፦ በአንደኛው አባት፣ እናትና ሴት ልጅ እርስ በርስ ያወራሉ፤ በሁለተኛውም አባት፣ እናትና ወንድ ልጅ እንዲሁ። ሁለቱን ቤት የምታገናኝ አንዲት ሠራተኛ አለች፤ የምታወራው ከሴት ልጅቷና ከወንድ ልጁ ጋር ብቻ ነው። የሠራተኛዋ ዲግሪ 2 ነው፤ የአባትየውም 2 ነው። ከእርሷ ውጭ ያሉት 6 ሰዎች 15 ጥንዶች ይሠራሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ በሁለት ቤት የተከፈሉት 9ኙ ሊገናኙ የሚችሉት በእርሷ በኩል ብቻ ነው። በአባትየው በኩል የሚያልፍ አጭር መንገድ ግን አንድም የለም። እንዲህ በመካከል መገኘት ቢትዊንነስ ይባላል፦ የሠራተኛዋ 9፣ የሴት ልጅቷ 8፣ የአባትየው 0። ተማሪዎች የታጠፈውን ወረቀት ከፍተው ዋናውን ተዋናይ እንደጻፉ፣ ቁጥሩ ግን ዘበኛውን ወይም ሠራተኛዋን እንዳወጣ ሲያዩ ክፍሉ ይሞቃል። ዋናው ተዋናይ ራሱ ቢወጣም ውጤት ነው፤ ይመዝገብ።

ላፕቶፕ ያለው ክበብ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ኔትወርክኤክስ በተባለው ነፃ ላይብረሪ (የተዘጋጀ የፕሮግራም ስብስብ) ያረጋግጥ። ሁለት ነገር እዚህ ያስታል። የመጀመሪያው፣ ፕሮግራሙ ውጤቱን ለጥንዶች ብዛት ስለሚያካፍል በእጅ 9 ያገኘ ተማሪ 0.6 ያያል፤ 9 ለ15 ሲካፈል ማለት ነው፣ ስህተት የለውም። ሁለተኛው ይከፋል፦ የጭረቱን ብዛት እንደ ክብደት ካስገባችሁ ፕሮግራሙ እንደ ርቀት ይቆጥረዋል፣ ብዙ የሚያወሩት ሰዎች በጣም የተራራቁ ይሆናሉ። ስለዚህ 1 ለጭረቱ ብዛት ተካፍሎ ይግባ። ፕሮግራሙ ምንም ማስጠንቀቂያ ስለማይሰጥ በእጅ የተሠራው ትንሹ የ7 ሰዎች ምሳሌ መጀመሪያ ይሞከር።

ከዚህ በኋላ ድራማውን ትታችሁ ወደ ከተማው ውጡ። ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች ለሁለት ይከፍላል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ጎርፍ ምን እንዳደረሰ ከወላጆቻቸው ያልሰሙ ልጆች ጥቂት ናቸው። ከ20 እስከ 30 መገናኛ ቦታዎችን እንደ ክብ፣ መንገዶችንና ድልድዮችን እንደ መስመር ይሳሉ። ጥያቄው፦ ከድልድዮቹ አንዱ ቢዘጋ ከሳቢያን ሰፈር ወደ መጋላ የሚሄድ ሰው መንገዱ ስንት ይረዝማል? በመካከል የመገኘት ቁጥሩ፣ ማለትም በላዩ የሚያልፉት አጭር መንገዶች ብዛት፣ ከፍተኛ የሆነው የትኛው ድልድይ ነው? ሐረር ላይ ደግሞ በጀጎል አምስቱ ጥንታዊ በሮችና በውስጥ መንገዶቹ ተመሳሳይ መረብ ይሠራል። ሒሳቡ ከድራማው ጋር አንድ ነው፤ መልሱ ግን ለከተማ ፕላን ሰው የሚቀርብ ነው።

የደበዘዘችው ፎቶ

በወንጀል ድራማ ሁሉ አንድ ሰው «አጉላው… አጥራው» ይላል፤ የታርጋው ቁጥርም ጥርት ብሎ ይወጣል። ይህን ትዕይንት አሳዩና ሰሌዳው ላይ አራት ቁጥር ጻፉ፦ 10፣ 200፣ 30፣ 160። እነዚህ የአራት ፒክስሎች፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች፣ የብርሃን መጠን ናቸው። አራቱ ወደ አንድ ሲጠበቡ አማካያቸው 100 ነው። አራት 100ዎችም አማካያቸው 100 ነው። ከ100 ተነስቶ የትኞቹ እንደነበሩ ማወቅ ይቻላል? አይቻልም፤ የጠፋው ጠፍቷል። ዛሬ ያሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ጥርት ያለ ምስል ቢያወጡም የሚሞሉት ከተማሩባቸው ፎቶዎች በመገመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፐልስ የተባለ ፕሮግራም የደበዘዘ የባራክ ኦባማ ፎቶ ተሰጥቶት የነጭ ሰው ፊት አውጥቷል። ግን ድራማው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፦ ካሜራው በትንሹ እየተንቀሳቀሰ ያነሳቸው ብዙ ፍሬሞች ካሉ፣ እነሱን አዳምሮ ከአንዱ ፍሬም የተሻለ ምስል ማግኘት በእርግጥ ይቻላል።

ሙከራው ይህ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ አንድ ፊደል በወፍራም ማርከር ጻፉ፤ 20 ፊደል ይበቃል። በጥቂት ጭረት ብቻ የሚለያዩትን ጥንዶች አስገቡ፦ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ በና ቨ። እያንዳንዱን በስልክ አንሱና በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ የፊደሉን ቁመት ወደ 20፣ 12፣ 8 እና 5 ፒክስል አሳንሱ፤ ከዚያ መልሳችሁ አጉሉ። ሲጎላ ፕሮግራሙ ራሱ እንዳያለሰልሰው ማለስለሻውን ዝጉ። ፊደሎቹን ያላዩ አምስት ተማሪዎች ያንብቡ፤ ያሉት ሁሉ ይመዝገብ፣ «አላውቅም» የሚለውም ጭምር። በአንድ በኩል የተጻፈው ፊደል፣ በሌላ በኩል የተነበበው የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ ሲሠራ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር መጀመሪያ እንደሚምታታ ይታያል። የተለመደው ብልሽት ሁሉንም ፊደል አንድ ልጅ መጻፉ ነው፤ እንዲያ ከሆነ የተለካው የልጁ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቢያንስ አራት ልጆች ይጻፉ። ሌላው ብልሽት ከትልቁ ወደ ትንሹ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው፤ አንባቢው የቀደመውን ያስታውሳል። ካርዶቹን በውዙ፤ አንድ አንባቢም አንድን ፊደል በአንድ መጠን ብቻ ይይ።

ይህ ለአማርኛ ጽሑፍ ንባብ ፕሮግራሞች እውነተኛ ችግር ነው፤ ልጆቹ የሠሩት ሠንጠረዥም ፕሮግራሙን ለመፈተሽ ያገለግላል።

ሌሎች ትዕይንቶች፣ ባጭሩ

የይለፍ ቃል የሚሰበርበት ትዕይንት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ባለ 4 አኃዝ ፒን 10,000 ዓይነት ነው፤ በሰከንድ አንድ ቢሞከር ከ2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ በታች ያልቃል። ባለ 8 ፊደል በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ብቻ ከ208 ቢሊዮን በላይ ነው። ስልክ ከጥቂት የተሳሳቱ ሙከራዎች በኋላ ለምን እንደሚያስጠብቅ ከዚህ ይረዱታል። የሌላ ሰው አካውንት ላይ መሞከር ግን በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ንገሩ፤ ሙከራው በወረቀት ወይም ራሳቸው በፈጠሩት ፋይል ላይ ብቻ ይሁን።

የንግግር ሥራም ጥሩ ነው። ጉግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን በድምፅ መጻፍ ያስችላል። ከድራማው 10 ዓረፍተ ነገር ተጽፎ የተለያየ አነጋገር ያላቸው ተማሪዎች ያንብቡት። የተቀየረ፣ የተዘለለና የተጨመረ ቃል ተደምሮ በዋናው ቃላት ብዛት ይካፈላል፤ ከ20 ቃል 2 ቢቀየር፣ 1 ቢዘለል፣ 1 ቢጨመር ስህተቱ 20 በመቶ ነው። የድሬ ልጅ አማርኛ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ስለሚቀላቀል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቋንቋ ሲለወጥ ስህተቱ ስንት እንደሚጨምር መለካት አዲስ ሥራ ነው። ኢንተርኔቱ ሲደክም ውጤቱ ስለሚዛባ ሁሉንም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ሰዓት ቅዱ።

ወደ ወረቀት

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ድራማ አይታይም። እያንዳንዱ የአራት ተማሪ ቡድን አንድ ጥያቄ ይይዛል። ጥያቄው ውስጥ የሚቆጠር ነገር ከሌለ አትቀበሉት፤ «ቴክኖሎጂ በኅብረተሰብ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብሎ የመጣውን ቡድን በእርጋታ መልሱት።

አንድ እውነተኛ የጥናት ወረቀት አብራችሁ አንብቡ። ፊት የሚለይ ኮምፒዩተር ካሳያችሁ ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ይመቻል። ፆታን ከፊት የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ፕሮግራሞችን ፈትነው፣ በጥቁር ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ በነጭ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ እንዳልበለጠ አሳይተዋል። ትምኒት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። እንደዚሁ የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነችው ረድኤት አበበ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ብላክ ኢን ኤ.አይ. የተባለውን የጥቁር ተመራማሪዎች ስብስብ ከመሠረቱት መካከል ናት። ረድኤት መረቦችን ታጠናለች፤ ልጆቹ ደቻቱ ላይ የሠሩት ሥራ ዘመድ ነው። ሲነበብ ከርዕሱና ከመግቢያው አጭር ጽሑፍ በኋላ በቀጥታ ወደ ሠንጠረዡ ሂዱ፤ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በተራ ማንበብ የ10ኛ ክፍል ተማሪን ሁለተኛው ገጽ ላይ ያስቀረዋል።

የቡድኑ ወረቀት ከሁለት ገጽ አይብለጥ፦ ጥያቄው፣ እንዴት እንደተለካ፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ እና ውጤቱ የማይናገረው ነገር። የመጨረሻውን ተማሪዎች ይጠሉታል፤ ድክመት ማመን ይመስላቸዋል። «አንድ ክፍል ብቻ ስለቆጠርን ለድራማው ሁሉ አንልም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ካለ ይበቃል።

በስምንተኛው ሳምንት ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የኮምፒዩተር መምህር ወይም የማስተርስ ተማሪ ጋብዙ። ንግግር እንዲያደርግ አትጠይቁት፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፣ ከሦስቱ አንዱ ስለ አቆጣጠሩ ይሁን። ወረቀቶቹን ከሦስት ቀን በፊት አድርሱለት። የቆጠራ ሠንጠረዦቹን፣ የደንብ ወረቀቶቹንና የታጠፉትን መላ ምቶች በአንድ ክላሴር አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ክበብ በመጀመሪያው ሳምንት ከእነዚህ አንዱን ቆጠራ ደንቡን ብቻ ይዞ፣ ውጤቱን ሳያይ ይድገመው።